«የተላከልኝ ዊስኪ አዮዲን አዮዲን ይለኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ለፋሲካ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ዊስኪ) ይዞልኝ መጣ። ጢስ የገባበትና መጨረሻ ላይ በሼሪ በርሜል የቆየ ነው ብሎኛል። ከፍቼ ባሸተው ግን አዮዲን አዮዲን አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን? በረዶና ኮካ ብጨምርበትስ ይስተካከላል? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ኧረ ኮካውን ይተዉት! ዊስኪዎ ምንም አልሆነም። ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ዊስኪ፣ ለመባል በሕጉ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት፣ አልኮሉም ከ40 በመቶ አለማነስ አለበት፤ እንዲህ ያለ መጠጥ እንደታሸገ መንገድ ላይ አይበላሽም። ያስደነገጠዎት ሽታ ሆን ተብሎ የገባ ነው።

ነገሩ ከጠላ ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም ከብቅል ይነሳሉ። እኛ ብቅሉን ፀሐይ ላይ አድርቀን እንስራውን በወይራ እናጥናለን፤ እነሱ የሚያጥኑት ብቅሉን ራሱን ነው። ረግረግ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ፣ ፒት የሚሉት፣ ተቆርጦና ደርቆ ይነዳል፤ ጢሱም እርጥቡ ገብስ ላይ ይጣበቃል። በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ሽታ ሰጪ ውሁዶች ጥንስሱንም ማንጠሩንም አልፈው ጠርሙሱ ድረስ ይዘልቃሉ። ክሊኒክ ክሊኒክ የሚሸተው ከእነሱ ነው። አይላ ከምትባለው ደሴት የሚወጡት እነ ላፍሮይግና አርድቤግ ስማቸው የገነነው በዚሁ ሽታ ነው።

ሼሪ በደቡብ ስፔን፣ በሄሬዝ አካባቢ የሚጠመቅ ወይን ነው። ዊስኪው አብዛኛውን ዕድሜውን ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ቦርቦን በነበረበት በርሜል ያሳልፍና መጨረሻ ላይ ሼሪ ወደነበረበት ይገለበጣል። ኦሎሮሶ የሚባለው የሼሪ ዓይነት የነበረበት በርሜል የለውዝና የደረቀ ፍራፍሬ ጣዕም ይሰጣል። ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚባለው ሼሪ ግን ፀሐይ ላይ ከደረቀ የወይን ፍሬ ስለሚሠራ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። በቀለሙ አይፍረዱ፤ ስኮች ላይ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቀዳል።

ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ባር ስሠራ ይህን መጠጥ ባንድ ትንፋሽ ጨልጠው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ እንግዶች ነበሩ፤ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። ከበርሜሉ የመጣው ጣፋጭነት ከጢሱ ኋላ ነው የሚደርሰው፤ ለጨለጠ ሰው አይደርስም።

በዚህ ወር የባሕር ዳር ቀትር ለቅምሻ አይሆንም፤ ሙቀቱ አልኮሉን ቀድሞ ወደ አፍንጫ ይልከዋል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ፣ የአረቄ መለኪያ ግማሽ ያህል ይቅዱና አሥር ደቂቃ ይተዉት። አፍንጫዎን ብርጭቆው ውስጥ አይክተቱ፤ አፍዎን ከፈት አድርገው ከጠርዙ ላይ ያሽትቱ። ከዚያ ጥቂት ጎንጨት ብለው ምላስዎ ላይ ያዙሩት። መጀመሪያ አመድና አዮዲኑ ይመጣል፤ ይታገሡት። ከዋጡት በኋላ ከጉንጭዎ ጥግ ዘቢቡ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ለውዙ፣ ከዚያ ጢሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስ ግን እንደ ፊተኛው አይጋረፍም። ሁለተኛውን ጉንጭ ከመድገምዎ በፊት በሻይ ማንኪያ ጥቂት ጠብታ ውኃ ያክሉበት። በረዶ ግን መዓዛውን ያስተኛዋል፣ ጣፋጩንም ያደበዝዛል። በኮካማ የትኛውም ርካሽ ዊስኪ ይበቃዎታል።

ከቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በአዋዜ ጋር አልመክርም፤ በርበሬውና አልኮሉ ተደጋግፈው ምላስ ያቃጥላሉ። ከምግብ በኋላ ከተምር ወይም ከቆሎ ጋር ይሻላል።

ጠርሙሱን ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አቁመው ያስቀምጡ፤ ካጋደሙት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ሲወርድ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ያዙሩት፤ ውስጥ የሚቀረው አየር ጢሱን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል።