ከሙሻ ደሴት እስከ ጁገል

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን ለሥራ ጅቡቲ እኖራለሁ። የማርፈው ዓርብ ብቻ ነው። ደሴቶቹንና ታጁራን በአንድ ቀን ማዳረስ እችላለሁ?
የከዚራ ልጅ፣ ከጅቡቲ

መልስ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አይሞክሩ። ታጁራ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናት፤ መርከቡ በየቀኑ አይሄድም፣ በመኪናም የባሕረ ሰላጤውን ጫፍ፣ ጉቤትን፣ ዞሮ ነው የሚደረሰው። እሷን ማደር ለሚችሉበት ጊዜ ያቆዩአት። ደሴቶቹ፣ ሙሻና ማስካሊ፣ ግን ለአንድ ዓርብ ይበቃሉ።

ለደሴቶቹ ወሳኙ ነገር የመነሻ ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ትንሽ ጀልባ በማዕበል ትናጣለች፣ ያልለመደም ያስመልሰዋል። ባለጀልባው «ስምንት ሰዓት» ሲልዎ የእኛን ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ መሆኑን ይያዙ። በሁለቱ አገሮች መካከል የሰዓት ልዩነት የለም፣ አቆጣጠሩ ነው በ6 ሰዓት የሚለያየው። በድሬ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ ወደብ የደረሰ ሰው ባሕሩን ከዳር ሆኖ አይቶ ይመለሳል።

ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው በጠቅላላው ነው፤ 5 ወይም 6 ሆናችሁ ብትሄዱ ይረክሳል። የመመለሻውን ሰዓት ተስማሙ፣ ቀሪውን ክፍያ ወደብ ስትመለሱ ስጡ። ሕይወት አድን ሰደርያ በየሰው ልክ መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ። በደሴቶቹ ላይ የምንጭ ውሃ የለም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ይያዙ። ውሃው ውስጥ በባዶ እግር አይግቡ፤ የዛጎል ድንጋዩ ይቆርጣል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ የሚኖር ፈረንሳዊ ወዳጄ በባቡር ድሬዳዋ መጥቶ ሐረርን በአንድ ቀን ማየት ይፈልጋል። ጅብ ሲመገብም ማየት ያምረዋል። ምን ላዘጋጅለት?
ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የመመለሻው ወረቀት ይታይ። የጅቡቲ ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ የድንበሩን ከተማ ደወሌን አልፎ ሲገባ አበቃ፤ ለመመለስ አዲስ ማውጣት ሊኖርበት ነው። የኢትዮጵያ ቪዛውም በየብስ ድንበር የሚያስገባ መሆኑን ሳይከፍል ያረጋግጥ። ሊቀበሉት ሲወጡ ደግሞ ወደ አዲሱ ጣቢያ ነው፣ ከከተማው ውጪ፤ ከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ቆመው እንዳይጠብቁት።

አንድ ቀንና ጅብ አብረው አይሄዱም። ጅቦቹ የሚመገቡት ከመሸ በኋላ ነው፣ ሚኒባስ ደግሞ ሲመሽ ይጠፋል፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በጨለማ መውረድም አይመከርም። ጅብ ካማረው ሐረር ይደር። ካላደረ ጅቡን ይተወው፤ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጁገል፣ ብቻዋን ቀኑን ትሞላለች።

ጠዋት 1 ሰዓት ከድሬ ቢነሡ 50 ኪሎ ሜትር ያህሏ መንገድ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ብትበልጥ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ጀምራችሁ በማኪና ግርግር መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሐል፣ ወደ ግድር መጋላ ገበያ ውረዱ። ዓርብ ከሆነ የጁሙዓ ሰዓት ሳይደርስ ሱቆቹን ጨርሱ። የአደሬ ቤት ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፤ መደቦቹ የየራሳቸው ተቀማጭ ስላላቸው ባለቤቷ ያሳየቻችሁ ላይ ተቀመጡ።

ፈረንሳዊ ነውና ስለ ገጣሚው ራምቦ መጠየቁ አይቀርም። በስሙ የሚጠራው ቤት በ1891 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ እሱ የኖረበት አይደለም። ቢሆንም ለእንጨት ሥራውና ለድሮዎቹ የሐረር ፎቶግራፎች ሲባል ይገባል። ጅቡቲ ሲመለስ ታጁራን ይይ፤ ራምቦ ለምኒልክ የጦር መሣሪያ ይዞ ወደ ሸዋ ለመውጣት ወራት የጠበቀው እዚያ ነው።

አስጎብኚ ሲይዙ ዋጋው በቡድን ይሁን በሰው አስቀድመው ይስማሙ። ጃኬትም ይያዝ፦ ከባሕር ወለል ተነሥቶ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚያመሽ ሰው የሐረር ብርድ ቀላል አይደለም።