ዲያቆን ሆኖ ባዮሎጂ መማር፦ ለአንድ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ወንድሜ ዲያቆን፣ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ወጥተህ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት እንደደረስህ ጽፈህልናል። ውጤትህ ለጤናም ለባዮሎጂም ይበቃል። ግን «ዝግመተ ለውጥ ተምሬ ሃይማኖቴን ባጣስ? ሳላምንበትስ ፈተናውን እንዴት እጽፋለሁ?» ብለህ ሒሳብ ልትመርጥ አስበሃል።

ሒሳብን ወደኸው ከሆነ ግባበት። ባዮሎጂን ሸሽተህ ከሆነ ግን እንዳትገባ፤ በፍርሃት የተመረጠ የትምህርት ክፍል ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሰለቻል። ደግሞም የፈራኸው ጥያቄ እዚያም ይጠብቅሃል። የሚጠብቅህም በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ቀመር ውስጥ ነው።

የ2018 ዓ.ም.ን አበቅቴ (በዓላት የሚወጡበትን የጨረቃ ቁጥር) አውጣ። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ተብሎ የሚቆጠረው 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። በ19 ስትገድፈው (ስታካፍለው) 13 ይተርፋል፤ አንድ ስታነሣለት ወንበሩ፣ ማለትም ለቀጣዩ ስሌት መነሻ የሚሆነው ቁጥር፣ 12 ነው። በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ መጥቅዕ (አበቅቴን 30 የሚሞላው ቁጥር) 18 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተሳስተሃል፤ ሒሳቡ ራሱ ይነግርሃል። 19 የተመረጠውም 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ስለሚገጥም ነው። ይህ ሰማይን በመመልከት የተገኘ እውቀት ነው፤ አባቶችም ሃይማኖትን ይነካል ብለው አልተዉትም።

እዚህ ላይ ልብ በል። ለአበቅቴው የሚያስፈልግህ ከ7518 የተረፈው 13 ብቻ ነው። ቁጥሩ ላይ 19ን ወይም 1900ን ብትጨምርበት አበቅቴው አይለወጥም። እንግዲህ ዓመተ ዓለም ለበዓላት ቀመር በትክክል ይሠራል፤ የድንጋይን ዕድሜ ለመለካት ግን አልተዘጋጀም። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ (ሉሲ) ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተባለው ከዐፅሟ ጋር በተያያዘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ ጊዜው ይታወቃል። «ምድር ከተፈጠረች 7518 ዓመቷ ነው» የሚለው ንባብ ከዚህ ልኬት ጋር አብሮ አይቆምም። ይህን ልንሸሽግህ አንፈልግም። የሚወድቀው ግን አንዱ ንባብ ነው፤ ፈጣሪ አለ ወይ የሚለውን አርጎን የሚለካ መሣሪያ አይመልስም።

የአንተ እውነተኛ ችግር ሌላ ቦታ ላይ ይመጣል ብለን እንሠጋለን። በአንድምታ (በመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት) «አንድም» እየተባለ ብዙ ትርጓሜ ጎን ለጎን ይኖራል፤ ሁሉም ይጠቅማል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሁለት መላምት ቀርቦ ውጤቱ አንዱን ከጣለ፣ የወደቀውን «አንድም» ብሎ ማቆየት አይፈቀድም። ከአብነት ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች የሚደናቀፉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ጎበዝ ስለሆኑ ለሁሉም ትርጓሜ ያገኙለታል። ስለዚህ ሙከራ ከመጀመርህ በፊት «ምን ውጤት ቢመጣ ተሳስቻለሁ እላለሁ?» የሚለውን ደብተርህ ላይ ጻፍ። ቅኔ ቆጥረህ ለመምህሩ ስትነግር ቤቱ ካልመታ ይጣልብህ የለ? ያንን ልማድ ይዘህ ግባ።

ፈተናን በተመለከተ፣ ጥያቄው ማስረጃውን ታውቃለህ ወይ ነው እንጂ እምነትህን አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ርእስ ምን ተለካ፣ በምን ተለካ፣ ምን ቢገኝ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር ብለህ አጥና። ዘመናዊውን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ካቆሙት አንዱ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር፤ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ፣ የዩኒቨርስን መስፋፋት በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ለሜትርም ካህን ነበሩ። እነዚህ ስሞች ሁለቱን ይዞ መኖር እንደሚቻል ያሳያሉ፤ ከዚያ ያለፈ ማስረጃ አድርገህ ግን አትጥቀስባቸው።

ምርጫህን ከጠየቅኸን ጤናን አስቀድም እንላለን፤ ጎጃም ውስጥ ዲያቆን የሆነ የጤና ባለሙያ በጣም ያስፈልጋል። የዝሆኔን ነገር ተመልከት። በደጋውና በወይና ደጋው በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረገጥ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ገብቶ እግርን ያሳብጣል። አንዳንድ ቤተሰብ በዘር ተጋላጭ ስለሚሆን ሰው «እርግማን ነው» ይላል፤ በሽተኛው ከሰንበቴም ከማኅበርም ይርቃል። እርዳታው በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። «ቁጣ አይደለም፣ አፈር ነው» የሚለው ቃል ቀሚስ ከለበሰ ዲያቆን ሲመጣ ይሰማል።

የጠበሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጠበል ሲጀምር መድኃኒቱን የሚያቋርጥ በሽተኛ አለ። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ከመካከል ሲቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ይላመዳል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ሲቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል። በሽተኛውን ጠበል አትከልክለው። አጥማቂውን አግኝተህ መድኃኒቱ የሚዋጥበትን ሰዓት ከጠበሉ ሰዓት ጋር አስማማ፤ ክኒኑ የሚቀመጥበትን ቦታና የሚያስታውሰውን ሰው በስም ወስን።

ከሰኔ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። አንድ ቀን ሁለተኛ ዓመት ባዮሎጂ ክፍል አስፈቅደህ ተቀመጥ፣ አንድ ቀን ደግሞ በአቅራቢያህ ካለ ጤና ጣቢያ ዋል። ከዚያ የ7518ን ነገር ይዘህ ወደ የኔታ ሂድና አማክራቸው፤ ጥያቄውን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከአንተ ቢሰሙት ይሻላል።