ስለ ሰማይ ድንጋይ ጠይቁኝ፤ 12 ዓመት ፈልጌ ጎጃም ውስጥ አንድም ያላገኘሁ ሰው ነኝ

እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ስለ ሜትዮራይት፣ ማለትም ከሰማይ ስለሚወርድ ድንጋይ፣ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ይኸው ስልኬ በድንጋይ ፎቶ ሞልቷል። ለማታውቁኝ፣ ፍኖተ ሰላም የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጂኦሎጂስት አይደለሁም። ቤቴ 17 ትንንሽ ሜትዮራይቶች አሉኝ፤ ከፊሉን ገዝቻቸው፣ ከፊሉን ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር ተለዋውጬ ያገኘኋቸው ናቸው። በእጄ ከጎጃም መሬት ያነሣሁት? ዜሮ። ኋላ ሰምታችሁ እንዳትስቁብኝ ራሴ ልናገረው ብዬ ነው። እሺ፣ እንግባ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ መምህር፣ ስናርስ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ አገኘን። ማግኔት ይስበዋል። የሰፈር ሰው ከሰማይ የወረደ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሹ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው። ጥቁር፣ ከባድና ማግኔት የሚስበው ድንጋይ ጎጃም ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ጮቄ ራሱ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር። ከሥሩ የተነጠፈው ባዛልት ደግሞ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ላቫ ነው። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ፤ ማግኔት የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህ ማግኔት ካልሳበው ነገሩ ብዙውን ጊዜ እዚያው አለቀ፤ ከሳበው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

አሁን አንድ ስኒ አምጣ። የስኒውን ቂጥ ገልብጠህ እየው፤ መሬት የሚነካው ክብ ጠርዝ አያብለጨልጭም፣ ሻካራ ነው። ድንጋዩን እዚያ ላይ ጫን አድርገህ አሽው። ቀይ ቡናማ መስመር ካሰመረ ሄማታይት የሚባል ሌላ የብረት ማዕድን ነው፤ ጥቁር ካሰመረ ማግኔታይት። ሜትዮራይት፣ በተለይ ብዙ ያልዛገ ከሆነ፣ መስመር አይተውም።

ቀጥሎ ቆዳውን እይ። አየር ውስጥ ሲነድ የወረደ ድንጋይ ላዩ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል። ብዙ እሳት ያየ ጀበና ሲሰበር አይተህ ታውቃለህ? ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ፈካ ያለ። ልክ እንደዚያ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሊጥ በአውራ ጣት ተጫን ተጫን የተደረገ የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት አለ። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ ግን እርሳው፤ እሱ ከላቫ የወጣ የጋዝ አረፋ ነው።

መጨረሻ ላይ ክብደቱን ከመጠኑ ጋር አስተያይ። ዲጂታል ሚዛን ከሱቅ ተዋስ። ድንጋዩን መዝነህ ጻፍ። ከዚያ ባልዲ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ድንጋዩን በገመድ አንጠልጥለህ ውኃው ውስጥ አስገባው። ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ ስንት ግራም ጨመረ? ያንን ጻፍ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። ባዛልት 2.9 አካባቢ ይመጣል። ተራ የድንጋይ ሜትዮራይት ከ3.3 እስከ 3.8፣ የብረቱ ደግሞ 7.8 ገደማ ነው። ሠርተህ ቁጥሩን ላክልኝ። ሚሊዮኑን እስከዚያ አታውራው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የእኔ ከባድ ነው፣ ብረት ብረት ይላል፣ ግን ቀዳዳ አለው። ያገኘሁት ድሮ ቀጥቃጮች ይሠሩበት የነበረ ቦታ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ቆሻሻ ነው። የሰው ታሪክ ስለሆነ በዚያ በኩል ደስ ይላል፤ ከሰማይ ግን አልመጣም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ባለፈው ሌሊት ትልቅ ብርሃን ከኮረብታው ጀርባ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሄደን ብንፈልግ?

መልስ፦ ያየኸውን አልጠራጠርም። “ከኮረብታው ጀርባ” የሚለው ነው ችግሩ። ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ገና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ጨልሞ፣ እንደማንኛውም ድንጋይ ይወርዳል። ጓሮህ የወደቀ የመሰለህ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሮጡን ተወውና ጻፍ፦ ሰዓቱን፣ የቆምክበትን ቦታ፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ድምፅ ከነበረ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሰማህ። ከሌላ ወረዳ ሁለት ሰው እንደዚህ ከጻፈ አቅጣጫው ሊታወቅ ይችላል።

ጎረቤታችን ሱዳን የሆነውን ልንገርህ፤ እኔን በዚህ ነገር የለከፈኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2008 አሜሪካ አሪዞና ያሉ ተመልካቾች 4 ሜትር አካባቢ የምትሆን አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የምትዞር የጠፈር ድንጋይ፣ ወደ ምድር ስትመጣ አዩ። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል የኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳች። ከመውደቋ በፊት የታየች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከዚያ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ታኅሣሥ ላይ ወጥተው፣ እንደ አጫጅ በረድፍ ተሰልፈው፣ በረሃውን በእግራቸው አሰሱት። በተከታታይ ጉዞ 600 ያህል ቁራጭ ሰበሰቡ፤ ሁሉም ተደምሮ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ስሙን አልማሃታ ሲታ አሉት፤ “ጣቢያ 6” ማለት ነው፣ አጠገቡ ካለው የባቡር ጣቢያ የተወሰደ። አየህ፣ ውድ መሣሪያ የያዘ ሰው አይደለም ያገኘው፤ ተሰልፎ የሄደ ተማሪ ነው።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ታዲያ ሱዳን ከተገኘ እኛ ጋ ለምን የለም?

መልስ፦ ይወድቃል እንጂ። ሰማይ ወረዳ አይመርጥም። ግን ዝናባችን አያስቀምጠውም። ውስጡ ብረት ስላለ ክረምት በመጣ ቁጥር ይዝጋል፣ ይፈረፈራል፣ አፈር ይውጠዋል። ያልተዋጠው ደግሞ ከባዛልቱ ጋር ይመሳሰላል። በረሃ ላይ ግን ጥቁር ድንጋይ ከሩቅ ይታያል። አገራችን ውስጥ የተመዘገበ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሐረርጌ፣ ጉርሱም የወደቀው የድንጋይ ሜትዮራይት ነው።

አንተ ደጀን ስላለህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ታገኛለህ አይደል? ነጭ ላይ ጥቁር ይለያል ብዬ ሁለት ጊዜ ወርጄ ነበር። ለካ ከላይ ያለው ባዛልት እየተንከባለለ እዚያ ድረስ ይወርዳል። ይዤ የተመለስኩት የጉልበት ሕመም ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ አያቴ ቤት ትውልድ የተሻገረ “የመብረቅ ድንጋይ” የሚሉት ለስላሳ ድንጋይ አለ። መብረቅ ሲመታ አብሮ ወረደ ይላሉ። ሜትዮራይት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መብረቅ ድንጋይ ይዞ አይወርድም። አሸዋ ላይ ሲያርፍ አሸዋውን አቅልጦ እንደ ቧንቧ የሆነ መስታወት ሊሠራ ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ለስላሳና አንድ ጫፉ ስል ከሆነ በጣም የቆየ የድንጋይ መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል ለቅርስ ባለሙያ ማሳየት ይሻላል። ግን እባክሽ እዚያው አያትሽ ቤት ሆኖ ይታይ፤ አትፋቂው፣ አትስበሪው። ሰው ከሰማይ የወረደ ያለውን ነገር ማክበሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1492 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ኤንሲስሃይም በምትባል ከተማ 127 ኪሎ ገደማ ድንጋይ ሲወድቅ ሰዉ እየፈነከተ መውሰድ ጀመረ፤ የቀረውን ቤተ ክርስቲያን አስገብተው አቆዩት። ዛሬም ከተማዋ ውስጥ አለ፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሰብሳቢዎች እዚያ ይገናኛሉ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ልጄ ነክቶት ከሆነስ? ጨረር የለውም?

መልስ፦ የለውም፤ ከተራ ድንጋይ የተለየ ጨረር አያወጣም። ሲወድቅም እንደሚወራው እሳት ሆኖ አይደርስም። ልጁ እጁን ይታጠብ፣ በቃ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ዋጋውን በግልጽ ንገረን።

መልስ፦ ጠብቄ ነበር። ተራው ግራሙ አንድ ሁለት ዶላር አካባቢ ነው፤ በጣም የዛገው ከዚያም ይወርዳል። የጨረቃና የማርስ ድንጋይ ሌላ ዓለም ነው፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒጀር፣ አጋዴዝ አካባቢ የተገኘ 24.67 ኪሎ የማርስ ድንጋይ በ2025 ኒውዮርክ ላይ በ5.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጨረታ ተሸጧል። የሰፈር ወሬ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። የማይወራው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው፦ የኒጀር መንግሥት “ከአገሬ እንዴት ወጣ?” ብሎ ምርመራ ከፈተ። እኛም ጋ ድንጋይ በሻንጣ ይዤ ልውጣ የሚል ካለ መጀመሪያ የማዕድን ቢሮ ይጠይቅ። ደላላ በስልክ የሚነግራችሁን አትመኑ።

ደግሞም ወረቀት የሌለው ድንጋይ ዋጋ የለውም። የላቦራቶሪ ሰው በስሱ ቆርጦ ማዕድኑን መመርመር አለበት። ዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ እንዲገባ ከክብደቱ 20 በመቶ ወይም 20 ግራም፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ለተቋም ይቀመጣል። ሁሉንም ግን ለማንም አትስጡ። እኔ አንዴ ለአንድ ቢሮ 40 ግራም ናሙና ሰጥቼ፣ ከ8 ወር በኋላ ስሄድ “የት አስቀመጥነው?” ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። ባዛልት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ተጽናናሁ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ መሰብሰብ መጀመር እፈልጋለሁ። በምን ልጀምር? ሰብሳቢዎቹስ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?

መልስ፦ በትንሽ፣ በታወቀና ስም ባለው። ሰብሳቢዎቹ ለወረቀት ያላቸው ፍቅር ከድንጋዩ አይተናነስም። ድንጋይ ሲሸጥ ትንሽ ካርድ አብሮት ይሄዳል፤ ስሙ፣ ዓይነቱ፣ ግራሙ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ። ካርዱ ከጠፋ ድንጋዩ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ይሆናል። የሰሃራው ድንጋይ በብዛት በሞሮኮ ነጋዴዎች በኩል ስለሚመጣና የተገኘበት ቦታ በትክክል ስለማይታወቅ “ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ” ተብሎ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። በየዓመቱ ክረምታቸው ላይ አሪዞና፣ ቱሳን ከተማ ትልቅ ገበያ አለ። ማኅበርም አላቸው፤ አባሉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሐሰተኛ ድንጋይ ከሸጠ ይባረራል። ሰዎቹ ደግ ናቸው። ፎቶ ልከህ “ይሄ ምንድን ነው?” ስትል ግን ያለ ርኅራኄ “ባዛልት” ይሉሃል። ለምደዋል።

እኔ ስጀምር የገዛሁት ካምፖ ዴል ሲዬሎ የሚባል የአርጀንቲና ብረት ነበር፣ 38 ግራም። መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሳየው አልቦታል። እውነት ነው የምልህ፣ ቡናማ ጠብታ ጠብታ አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ አቆሽሿል። ለካ ብረቱ ውስጥ ክሎሪን ይገባል፣ እርጥበት ሲያገኝ ከውስጥ ይበላዋል። አሁን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የማር ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ከጫማ ካርቶን በምትወጣዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ተከቦ። የሰፈር ጫማ ሻጮች አሁን ያጠራቅሙልኛል። ስለዚህ በክረምታችን የድንጋይ ሜትዮራይት አስቀድም፣ የብረቱን ቆይተህ ግዛ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ሌላ)፦ ብር የለኝም። በነፃ የሚገኝ የለም?

መልስ፦ አለ፣ ጣሪያህ ላይ። አቧራ የሚያክሉ የሰማይ ቅንጣቶች ሁልጊዜ ይወርዳሉ። ዮን ላርሰን የሚባል የኖርዌይ የጃዝ ሙዚቀኛ ከጣሪያ ላይ ሲፈልግ ሳይንቲስቶች አይሆንም ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከእነሱው ጋር ሆኖ ከኦስሎ፣ ከፓሪስና ከበርሊን ጣሪያዎች 500 ያህል መገኘታቸውን አሳወቀ። መጠናቸው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ከቆርቆሮው አሸንዳ ውስጥ ያለውን ደለል ዝቀህ ሳፋ ላይ እጠበው፤ ጭቃው ይፍሰስ፣ አሸዋው ይቅር። አድርቀው። ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ ላዩ ላይ አንሸራሽር። የተያዘውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ ማግኔቱን ከፌስታሉ ስታወጣው ይራገፋል። ከዚያ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ለምነህ እየው። እዚህ ላይ ማግኔቱ ጠንካራ ቢሆን ችግር የለውም፤ ትልቅ ሜትዮራይት ግን በኃይለኛ ማግኔት አትነካካ፣ ውስጡ ያለውን የጥንት መግነጢሳዊ ምልክት ታጠፋዋለህ። አጠገብህ ብየዳ ቤት ካለ ደግሞ ተስፋ አታድርግ። የብየዳ ፍንጣሪም ክብ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ የጎረቤቴን የበር ሥራ ስሰበስብ ነበር።

ጥያቄ (ከዳሞት)፦ ተወርዋሪ ኮከብ በብዛት የሚታየው መቼ ነው?

መልስ፦ የነሐሴውን፣ 6 እና 7 አካባቢ ያለውን፣ ፍልሰታ ጾም ላይ ዳመና ይጋርድብናል። ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ግን ሰማያችን ጥርት ያለ ነው። ጋቢ ደርባችሁ ውጡ። ከዚያ የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ ድንጋይ መሬት ይደርሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ላይ ነዶ ያልቃል።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ እንደገና)፦ መምህር ሠራሁት። ድንጋዩ 2400 ግራም። ውኃ ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ 830 ጨመረ። ስኒውም ላይ ጥቁር አሰመረ፤ እናቴ በስኒው ተቆጥታለች።

መልስ፦ 2400 ለ830 ሲካፈል 2.89። የጮቄ ልጅ ነው ወንድሜ፣ ባዛልት። ለእናትህ ይቅርታ በልልኝ፤ መስመሩ በአመድና በውኃ ይለቃል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ታዲያ ልጣለው?

መልስ፦ ለምን ትጥለዋለህ? 2 ኪሎ ከ400 ግራም ጥሩ የበር መደገፊያ ነው። እኔ አራት አለኝ።