ለደሴዋ እህታችን፦ ለፍሬም አልባው የኮራል አኳሪየም ከመስታወቱ በፊት ምን ይቅደም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ሆጤ አካባቢ በተከራየሽው ቤት ውስጥ 60 በ45፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከላይ ፍሬም የሌለው መስታወት አሠርተሽ ኮራል (ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) እና የባሕር ዓሣ ማኖር ትፈልጊያለሽ። የጠየቅሽውም ሦስት ነገር ነው፦ መስታወቱ ስንት ሚሊ ይሁን? የአፋር ጨው ይሠራል ወይ? መብራት ሲጠፋስ ምን ይውጠኛል? አብሽሪ፣ ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ ኋላ ደሴ ላይ ይዤዋለሁ። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ራሱ ብዙ አስተምሮኛል።

ሁሉም ሰው ከመስታወቱ ይጀምራል። በእኛ አገር ግን ቅደም ተከተሉ መብራት፣ አየር፣ ውሃ፣ ከዚያ በኋላ መስታወት ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ የጥያቄሽን መጨረሻ አስቀድማለሁ።

ኮራል አንድ ሁለት ቀን ብርሃን ቢያጣ አይሞትም። ቶሎ የሚገድለው የውሃው መቆም ነው። ፓምፑ ሲቆም በድንጋዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ፣ ዓሣውና ኮራሉ ያለችውን ኦክስጅን ተሻምተው ይጨርሷታል። ስለዚህ ሞገድ የሚፈጥረውን ፓምፕ ስትገዢ በ12 ቮልት የሚሠራውን ምረጪ፤ ኢንቨርተር ሳያስፈልግሽ በቀጥታ ከባትሪ ታገናኚዋለሽ። 10 ዋት የሚወስድ ፓምፕ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ እንኳ ሁለት ቀን አልፎ ይሄዳል። ለአምፖሉና ለማሞቂያው ባትሪ አታባክኚ።

ስለ ማሞቂያው ግን ላስጠንቅቅሽ። ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መሆን አለበት። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከላይ ክፍት የሆነ መስታወት ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው በትነት ነው። አንድ ባለ 200 ዋት ማሞቂያ ከምትገዢ ሁለት ባለ 100 ዋት ግዢ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይደርስለታል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ውሃውን አያፈላውም። የውጭ የሙቀት መቆጣጠሪያ ብትጨምሪበት የበለጠ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሦስቱን ጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልዪው። አፉን ግን አትድፈኚ፣ አየር ይፈልጋል።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። ብዙ ሰው የማያስበው ይህንን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር ወደ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ ደሴ ላይ 5 ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል። ቪዲዮ ላይ «ለመቶ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ሲሉ የምትሰሚው በጠረፍ ከተሞች ልምድ ነው። አንቺ ከዚያ ቀንሺ፤ ለዚህ መጠን አንድ ጥንድ ክላውን ዓሣ ይበቃል። አንደኛው ፓምፕ ወደ ላይ ዞሮ የውሃውን ፊት ሁልጊዜ ያናውጠው። ስኪመርም አይቅር፤ ቆሻሻውን በአረፋ ከማውጣቱ በላይ ለእኛ ዋናው ጥቅሙ አየር ማስገባቱ ነው።

ሌላው የአየር ጉዳይ ቡናችን ነው። በር ዘግተን፣ ከሰሉን አቀጣጥለን፣ ከአቦል እስከ በረካ ስንቀመጥ ክፍሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ያ ጋዝ ውሃው ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ያወርደዋል። የባሕር ውሃ ፒኤች ወደ 8.2 ነው። ከሰል በሚነድበት ዝግ ቤት ከ7.8 በታች ሲወርድ አይቻለሁ። ቡናውን ተይው አልልሽም! ምድጃውን ወደ በረንዳ አውጪው፣ ወይም የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ አሳልፊው። ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ዱቄት እየጨመርሽ ግን አትታገዪ፤ ጋዙ እዚያው እያለ አልካሊኒቲውን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ብቻ ታንሪዋለሽ። ዕጣንና ማጨሻም ከአኳሪየሙ ራቅ ይበል።

ውሃውን በተመለከተ፣ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይሆንም። ክሎሪን አለበት፤ ሌላ ምን እንደሟሟበትም በዓይን አይታይም። አርኦ ማጣሪያ (ውሃን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራ) ከነዲአይ ሬዚኑ (የተረፈውን ማዕድን የሚይዝ) ያስፈልግሻል፤ የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር፣ ማለትም በውሃው የሟሟውን ነገር በሚለካው መሣሪያ፣ ዜሮ ማንበብ አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያጋጥምሻል። ማጣሪያው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል፣ ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ግን ግማሽ ባርም አይሞላም። ስለዚህ ትንሽ የግፊት ፓምፕ አብረሽ ግዢ። ሁለተኛው፣ የማጣሪያው አቅም የሚጻፈው በ25 ዲግሪ ውሃ ተለክቶ ነው፤ በደሴ ቀዝቃዛ ውሃ ከተጻፈው ያነሰ ነው የሚሰጥሽ። ጀሪካን ቀድመሽ እየሞላሽ አስቀምጪ። የጣሪያ ዝናብ ንጹሕ ነው የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ዚንክ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። መዳብም እንዲሁ።

የአፋር ጨው ይሠራል ወይ ላልሽው፣ አይሠራም። በሚሌ በኩል የሚመጣልን ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ከውቅያኖስ ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ 86 በመቶ ይሆናሉ፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ነው፣ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራውም ከካልሲየሙ ነው። የጨው ውሃ ሲደርቅ እነዚህ ማዕድናት በየተራ ተለያይተው ስለሚቀሩ የሚገኘው ጨው ያጎድላቸዋል። ለኮራል አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው አስመጪ። በሊትር ወደ 38 ግራም ይገባል፤ ልኩ በሪፍራክቶሜትር (በጨው መጠን መለኪያው) 35 ፐርሚል፣ ማለትም በሺህ 35፣ ወይም በጥግግት 1.026 ነው። መሣሪያውን ባለ 35 ማስተካከያ ፈሳሽ ገዝተሽ በየጊዜው አስተካክዪ፣ ይዋሻል። ለዕለቱ ብቻ ሳይሆን ለዓመት የሚሆን ጨው ማግኘትሽን አረጋግጪ፤ እዚህ እንደ ስኳር ሱቅ ወርደሽ የምትገዢው ነገር አይደለም።

መስታወቱ 10 ሚሊ ይሁን። ግፊቱን የሚወስነው የውሃው ቁመት ነው፤ ፍሬም ከሌለ ደግሞ የጎኑ ርዝመትም ይታሰብበታል። ጠርዙ የተሞረደ፣ ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለው ይሁን፤ አንድ ሳምንት ሳይደርቅ ውሃ አይነካውም። ከዚያ ግቢ ውስጥ ሞልተሽ ጥቂት ቀን ተይው። ሁሉም ሲሞላ፣ መስታወቱንና ድንጋዩን ጨምሮ ከ120 ኪሎ ይበልጣል፤ መቆሚያውን ብየዳ ቤት በቱቦላሬ አሠሪ፣ ቀለሙ በደንብ ይቀባ፣ ጨው ብረት ይበላል። በላዩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ በዚያ ላይ 1 ሴንቲሜትር ፎም አንጥፊ። ውሃ ልክ ሳታስነኪ አትሙዪው፤ ፍሬም የሌለው መስታወት ላይ መዝመም ወዲያው ይታያል፣ አንዱን ጎንም ያለ ልክ ይጫነዋል። የቤቱ ወለል ጣውላ ከሆነ ግድግዳ አስጠግተሽ ከጣውላው ሥር ያሉትን አግዳሚዎች በሚያቋርጥ አቅጣጫ አስቀምጪው። አፉ ላይ የመረብ ክዳን ይኑረው፣ ዓሣ ይዘላል። ኬብሎቹ ከሶኬቱ በታች ወርደው ይመለሱ፤ ጠብታ ሲመጣ ወደ ሶኬቱ ሳይሄድ መሬት ላይ ይውደቅ።

ከዚህ ቀጥሎ መታገሥ ነው። ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ አስገቢ፤ ጥቁሩ የአገራችን ድንጋይ ድፍን ስለሆነ ባክቴሪያ ብዙ ቦታ አያገኝበትም። ከቆሻሻ የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ በባክቴሪያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሉ ዓሣ አይገባም። ኮራሉን ከዚያም በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር አቆይው፤ በዚህ ጊዜ መብራቱ ይጠፋል፣ ውሃው ይቋረጣል፣ ባትሪሽና ጀሪካንሽም ይፈተናሉ። ስትጀምሪ ለስላሳዎቹን፣ እነ ዞአንተስንና የእንጉዳይ ኮራልን ያዢ። ዞአንተስ ላይ ግን ያለ ጓንት እጅሽን አታስገቢ፤ የያዙበትን ድንጋይም ለማጽዳት ብለሽ በፍጹም አትቀቅይ፣ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ መርዝ ይይዛል። ልጆች ካሉ ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሪ። ጠንካራ ኮራል ከውጭ ለማስመጣት ደግሞ የሳይትስ (ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ «በሻንጣ ይዤልሽ እመጣለሁ» የሚልሽን አመስግነሽ እለፊው።

እንክብካቤው አጭር ነው። የሚተነውን በየቀኑ ጨው ባልገባበት የተጣራ ውሃ ብቻ ተኪ፣ ጨው አይተንምና። ክፍት ስለሆነ በበጋ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በየሳምንቱ 10 ሊትር ያህል ለውጪ፤ ለስላሳ ኮራል ከሆነ በዚህ ብቻ ማዕድኑ ይተካል። አልካሊኒቲው ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ይቆይ። የወጣውን ጨዋማ ውሃ ጓሮ ጎመንሽ ላይ አትድፊው።

መስታወቱን ከማስቆረጥሽ በፊት የቧንቧሽን ቲዲኤስ ለክተሽ፣ የወለሉንም ሁኔታ ጨምረሽ እዚሁ ጻፊልን። ቁጥሩ ከ200 በላይ ከሆነ ሬዚኑ ቶሎ ያልቃል፤ ያኔ የትኛው ማጣሪያ እንደሚያዋጣሽ አብረን እናያለን።