መልስ፦ ጀርመን፣ ኮብሌንዝ ላይ የራይንን ወንዝ በኬብል ካር መሻገር

ሰላም፤ «ከፍታ እፈራለሁ፤ ንፋስ ቢነሳ ይወዛወዛል? ለፎቶስ የትኛው ሰዓት ይሻላል?» ብለው ለጠየቁት፦

ስለ መወዛወዙ ብዙም አይስጉ። ካቢኑ የሚንሸራተተው ጎን ለጎን በተወጠሩ ሁለት ቋሚ ገመዶች ላይ ነው፤ የሚጎትተው ሦስተኛ ገመድ ለብቻው ነው። በአንድ ገመድ ከሚንጠለጠሉት ይልቅ ንፋስ የሚችለው ለዚህ ነው። 35 ሰው ይይዛል፤ 890 ሜትሩን በ5 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ከ18ቱ ካቢኖች ቁጥር 17 የሆነው ወለሉ ላይ መስታወት አለው፤ እሱ ከመጣ ያሳልፉትና ቀጣዩን ይያዙ።

ለፎቶ ጠዋት ይሂዱ። ከተማው በምዕራብ፣ የኤረንብራይትሽታይን ምሽግ በምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ከተማውን ታበራልዎታለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ከከተማው ወደ ምሽጉ ሲወጡ በግራ በኩል ይቁሙ፤ የሞዘል ወንዝ ከራይን የሚገናኝበት ዶይቸስ ኤክ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ቪልሄልም የፈረስ ሐውልት ያለበት፣ በዚያ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው ወንዙን አነሳሁ ብሎ የራሱን ነጸብራቅ ይዞ ይወርዳል፤ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርገው፣ ፍላሹን አጥፍተው ያንሱ።

ትኬት ሲቆርጡ ደርሶ መልሱንና የምሽጉን መግቢያ አንድ ላይ ይጠይቁ። የመጨረሻው ካቢን የሚወርድበትን ሰዓት ደግሞ ታች ሳሉ ያረጋግጡ፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል።