ለማውንቴን ብስክሌት የሚሆን ለስላሳ የእንግሊዝ ገጠር፦ ከዳገቱ በፊት አፈሩን እዩ

ሰላም ለግሩፑ ቤተሰብ። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ለንደን የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ማውንቴን ብስክሌት ገዝተዋል። ገደል መውረድና መዝለል አይፈልጉም። በእርሻና በመንደር መሃል የሚያልፍ፣ በባቡር ሄደው በዚያው ቀን የሚመለሱበት መንገድ ነው የሚፈልጉት። "ዳገት የማይበዛበት የት ነው?" ይላሉ።

ወንድሞቼ፣ ዳገቱ ብዙ አያሳስባችሁ። ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ 300 ሜትር የሚሞላ ኮረብታ የለም፤ ቀላል ማርሽ ያለው ብስክሌት ሁሉንም ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ቀናችሁን የሚያበላሸው ከጎማችሁ ሥር ያለው አፈር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ለብስክሌት ያልተፈቀደ መንገድ ውስጥ መግባት።

የመንገዱ መብት አጭር ስለሆነ በእሱ ልጀምር። በግል እርሻ መሃል የሚያልፉት የሕዝብ መንገዶች አራት ዓይነት ናቸው። ቢጫ ቀስት ያለው ፉትፓዝ የእግረኛ ነው፤ ብስክሌት የመንዳት መብት የላችሁም። ሰማያዊ ቀስት ያለው ብራይድልዌይ የፈረስ መንገድ ሲሆን፣ ከ1968ቱ የገጠር ሕግ ወዲህ ለብስክሌትም ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው። ወይን ጠጅ ቀስት ያለው ሪስትሪክትድ ባይዌይና ቀይ ቀስት ያለው ባይዌይም ለብስክሌት ክፍት ናቸው። ኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ ካርታ ሥራ ድርጅት) በሚያወጣው 1፡25,000 ካርታ ላይ አጫጭሩ አረንጓዴ ሰረዝ ፉትፓዝ፣ ረጃጅሙ ብራይድልዌይ ነው። ነፃ የስልክ አፖች ሁለቱን እያደባለቁ መንገድ ስለሚያወጡ፣ ከመውጣታችሁ በፊት መስመሩን ከዚህ ካርታ ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር የባሉጥ ፍሬ ምልክት ነው። ምልክቱ መንገዱ ብሔራዊ የጉዞ መስመር መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ለብስክሌት መፈቀዱን የምታውቁት በምልክቱ ላይ ባለው ቀለምና ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አፈሩ። ለንደን ዙሪያ ሦስት ዓይነት አፈር ይገጥማችኋል።

የመጀመሪያው የሸክላ አፈር ነው። ኤልስበሪ ሸለቆና በሰሪና በሰሴክስ መካከል ያለው ዊልድ የሚባለው ዝቅተኛ አገር በአብዛኛው ይህ ነው። በበጋ ደርቆ እንደ አስፋልት ይሮጣል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን በአገራችን ክረምት እንደራሰ መረሬ ነው፤ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይወፍርና በሹካውና በጎማው መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው። ጭቃና ሣር የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ገብቶ ሳለ በጉልበት ፔዳል ከረገጣችሁ፣ ካቴናው መቀየሪያውን ወደ ኋላ ጎትቶ የተሰቀለበትን ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ ይሰብረዋል። ቁራጩ የተሠራው ከመቀየሪያው በፊት እንዲሰበር ታስቦ ነው፤ ቅርፁ ግን እንደ ብስክሌቱ ሞዴል ስለሚለያይ መንገድ ላይ ከማንም መዋስ አይቻልም። ለሞዴላችሁ የሚሆን አንድ ትርፍ ገዝታችሁ ከመፍቻው ጋር ቦርሳ ውስጥ አኑሩ። ጎማው መዞር ሲከብደው ውረዱና ጭቃውን በእንጨት ጠርጉ፤ ካስፈለገም ብስክሌቱን ተሸከሙ።

ሁለተኛው ነጩ የጠመኔ ድንጋይ ነው፤ የቺልተርንስና የሳውዝ ዳውንስ ኮረብቶች፣ ሪጅዌይ የሚባለው ረጅም መንገድም ያሉት በእሱ ላይ ነው። ውሃ ቶሎ ስለሚያሰርግ በብርዱ ወራትም ይነዳል። ሆኖም ዝናብ ሲነካው ላዩ ይቀባና በተለይ ቁልቁለት ላይ ክፉኛ ያንሸራትታል። እርጥብ ጠመኔ ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ እየታጠፉ መያዝ የፊት ጎማውን ይወስደዋል። መንገዱ ዳር ሣር ካለ እሱ የተሻለ ይይዛል። በጠመኔው ውስጥ ያለው ባልጩት ደግሞ ጠርዙ ስለት ነው፤ የጎማን ጎን ይቀድዳል። ነጩ ጭቃ ከደረቀ በኋላ ለማስለቀቅ ስለሚያስቸግር፣ በዚያው ምሽት ግፊቱ ዝቅ ባለ ውሃ እጠቡት። የፍሬን ሸራም ይበላል፤ በእርጥብ ወቅት ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ከሬዚኑ ይበልጥ ይቆያል።

ሦስተኛው በሰሪ ሂልስ፣ ሊዝ ሂል አካባቢ ያለው አሸዋማ አፈር ነው፤ ሊዝ ሂል 294 ሜትር ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት እንኳ ይነዳል፤ ለጃንዋሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ሰፋፊዎቹን የደን መንገዶች ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠባቦቹ ቁልቁለቶች ለሌላ ዓይነት ነጂ ናቸው።

እንግዲህ መንገዶቹ። ለመጀመሪያ ቀን ዳውንስ ሊንክን ምረጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተዘጋ የባቡር ሐዲድ ነው፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም ሜዳ ነው። ከጊልድፎርድ አጠገብ ተነስቶ ባሕሩ ዳር እስካለችው ሾርሃም 59 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጊልድፎርድ ጣቢያ ወደ ደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ብራምሊ መንደር ላይ፣ አሮጌው የጣቢያ መድረክ ከቆመበት ብትገቡ በመነሻው ያለውን አሸዋማ ዳገት ታመልጣላችሁ። ክራንሊን አልፋችሁ ራጅዊክ ከመድረሳችሁ በፊት የባቡሩ ዋሻ ስለተዘጋ መንገዱ በላዩ ይወጣል፤ እሱ ላይ ብትገፉትም ምንም አይደል። ግማሹ ከበቃችሁ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ክራይስትስ ሆስፒታል ጣቢያ አለ፤ ከዚያ ወደ ለንደን ባቡር ይገኛል። ይህ መንገድ የሚያልፈው በሸክላው አገር ስለሆነ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ሂዱበት።

ከዚያ በኋላ ሪጅዌይ። ጠቅላላ ርዝመቱ 139 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለእናንተ የሚሆነው ምዕራባዊው ግማሽ፣ ከኤቭበሪ አጠገብ ካለው ኦቨርተን ሂል እስከ ቴምስ ወንዝ ያለው ነው። ከወንዙ ማዶ ብዙው ክፍል ፉትፓዝ ስለሚሆን በዚያው ምልክት ቀጥ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ለአንድ ቀን የሚመቸው ከስዊንደን ጣቢያ ወጥቶ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዶ ፎክስሂል ላይ መግባትና ስትሪትሊ ድረስ መንዳት ነው። በሸንተረሩ አናት ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መመለሻው ከወንዙ ማዶ ጎሪንግ ጣቢያ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፣ ሸንተረሩም መከለያ የለውም። በመንገዱ ላይ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዌይላንድስ ስሚዚ መቃብርና፣ ጠመኔ ተሞልቶ የተሠራው 110 ሜትር ርዝመት ያለው የአፊንግተን ነጭ ፈረስ አሉ። ቆም ብላችሁ እዩአቸው፣ ይገባቸዋል።

ሪጅዌይ ላይ ሁለት ነገር ይከብዳል። አንደኛው ውሃ ነው። ጠመኔው ዝናቡን ስለሚውጠው ምንጩ የሚፈልቀው ከሸንተረሩ ግርጌ ነው፤ መንደሮቹም ያሉት እዚያው ነው። ውሃ ፍለጋ ከወረዳችሁ 100 ሜትር ያህል መልሳችሁ መውጣት አለባችሁ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ያዙ፤ በሞቃት ቀን 3። ሁለተኛው መኪናና ትራክተር የቀደዱት ጥልቅ ቦይ ነው። ከቦዩ በሰያፍ መውጣት የፊት ጎማን ጠርዙ ላይ ያንሸራትተዋል፤ ፍጥነት ቀንሱና ማኑብሪውን ሰበር አድርጋችሁ ተሻገሩ፣ ወይም መሃል ያለውን ሣር ይዛችሁ ቆዩ።

ሦስተኛ ምርጫ ሳውዝ ዳውንስ ዌይ ነው፤ ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን 160 ኪሎ ሜትር። ከዊንቸስተር እስከ ፒተርስፊልድ ያለው ለአንድ ቀን ይበቃል፤ ሁለቱም ከተሞች ወደ ለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ የሚሄድ ባቡር አላቸው። ከበትሰር ሂል የሚወርደው የሣር ቁልቁለት በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ ሣሩ እርጥብ ከሆነ ውረዱና ግፉ።

ሰዓታችሁን ስታሰሉ በአስፋልት ፍጥነት አታስቡ። በእንዲህ ያለ መንገድ፣ በር መክፈትና መዝጋቱ ተጨምሮ፣ ለጀማሪ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ጥሩ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእንግሊዝ ሰዓት 16፡00 ገደማ ነው፤ መብራት ያዙ። በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ብዙ የለንደን ባቡሮች የማይታጠፍ ብስክሌት አያስገቡም። በረጅም ርቀት ባቡር ወደ ስዊንደን ስትሄዱ ደግሞ ለብስክሌቱ አስቀድማችሁ ቦታ አስይዙ።

ስለ ጎማ። ስፋቱ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች፣ ጎኑ ጠንከር ያለ ይሁን። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመነዳሪ ላለው ጎማ ከ28 እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ከመነዳሪ ለሌለው ከ22 እስከ 26 መነሻ ነው፤ የፊቱን ከኋላው በ2 ቀንሱ። ከመነዳሪ ያለውን በጣም ካሳነሳችሁት ድንጋይ ሲመታው ከቸርኬው ጋር ተቆንጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ያለ ከመነዳሪ የምትነዱ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ማሸጊያ አስገቡ፤ ስለሚደርቅ በየሁለት ሦስት ወሩ ጨምሩ። ይህን በብርቱ የምመክረው በእሾህ ምክንያት ነው። ገበሬዎች የእርሻ አጥር የሆነውን ሃውቶርን የሚቆርጡት በብዛት ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፤ ቁርጥራጩ መንገዱ ላይ ይቀራል፣ አንድ ጎማ ላይ አምስት ስድስት እሾህ ሊሰካ ይችላል። በማሸጊያው የማይደፈነውን የባልጩት ቀዳዳ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከውስጥ አድርጋችሁ፣ ትርፍ ከመነዳሪ አስገብታችሁ ታልፉታላችሁ። በጁላይ ጠባብ ብራይድልዌይ ላይ ሳማ እስከ ማኑብሪው ያድጋል፤ ረጅም እጅጌና ረጅም ካልሲ ልበሱ።

ፈረሰኛ ከኋላ ስትደርሱበት ከሩቅ ጮክ ብላችሁ ሰላም በሉ፤ ፈረሱ የሰው ድምፅ ከሰማ በአብዛኛው አይደነብርም። ፈረሰኛው ምልክት ሲሰጣችሁ በፈረሱ ቀኝ በኩል፣ ሰፋ ያለ ርቀት ጠብቃችሁ በዝግታ እለፉ። በሩን እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ። ጥጃ ያላቸው ላሞች ሲገጥሟችሁ ወርዳችሁ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በላሞቹ መሃል አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ዙሩ።

የብስክሌታችሁን ሞዴል፣ የጎማችሁን ስፋትና ክብደታችሁን እዚህ ጻፉ፤ የጎማውን ንፋስ መጠንና የትኛው የመቀየሪያ ቁራጭ እንደሚገጥማችሁ ለይተን እንነግራችኋለን።