ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እሱ ነጻ ከሆነ እኔም ነጻ ነኝ አይደል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እባክዎ ስሜን አያውጡት። 29 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ፍቅረኛዬ ወንድ ነው፤ አብረን ከሆንን ሁለት ዓመት አለፈን። ስንጀምር እሱ ኤችአይቪ ተመርምሮ ነጻ ስለወጣ ኮንዶም ተውን። እኔ አልተመረመርኩም። ከአምስት ሳምንት በፊት «አንድ ቀን ከሌላ ሰው ጋር ተሳሳትኩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነካካንም። ደንግጬ ከጓደኛዬ ኤችአይቪን የሚከላከለውን የፕሬፕ ኪኒን ተቀበልኩና አምስት ቀን ወስጄ ተውኩት። ምንም አላመመኝም። ኪኒኑ አድኖኛል? እሱን «ተመርመር» ብለው የሚጣላኝ ይመስለኛል። እሱ ነጻ ከሆነ ደግሞ እኔም ነጻ ነኝ አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ስለ ኪኒን ነው። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን እንቅልፍ የነሳህ ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ እሱን አጣለሁ፣ ወሬው ሐበሻው ጋ ይደርሳል፣ ብቻዬን እቀራለሁ ብለህ ፈርተሃል። ስለዚህ ከዚህ ልጀምር። ከሁለታችሁ በአንዳችሁ ደም ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ አብሮ መኖራችሁ አያበቃም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት መድኃኒት ይወስዳል፣ ሌላው ነጻ ነው። ያለ ኮንዶም ወደ 76 ሺህ ጊዜ ግንኙነት አድርገዋል። ከፍቅረኛው የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። 15 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ የቫይረሱ ዘረመል ሲመረመር ግን ከሌላ ሰው የመጣ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ኪኒኑ። እዚህ ላይ ልቆጣህ ነው። ፕሬፕ ሰው ሳይጋለጥ አስቀድሞ የሚወስደው ነው። ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው ፔፕ ይባላል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሦስት ዓይነት መድኃኒት አለው። የፕሬፕ ኪኒን የያዘው ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አምስት ቀን ውጦ መተው ፔፕም ፕሬፕም አይደለም። ቫይረሱ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ይከፍትለታል። የምርመራውንም ውጤት ሊያዘገየው ይችላል። ሌላም አለ። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ብዙ ሰው ላይ አለ። ይኸው ኪኒን ያንንም ቫይረስ ስለሚያዳክም፣ ሳይመረመሩ ጀምሮ በድንገት ማቆም ጉበትን ሊያስቆጣ ይችላል። በሰማህበት ቀን ኢመርጀንሲ ብትሄድ ትክክለኛውን መድኃኒት መጠየቅ ትችል ነበር። አምስት ሳምንት ምን ስትጠብቅ ነበር? የሰው ኪኒን ሁለተኛ እንዳትውጥ።

«እሱ ነጻ ከሆነ እኔም ነጻ ነኝ» ያልከውን ደግሞ ከስንት ሰው ሰማሁት! ባልና ሚስትም ይሉታል። የእሱ ደም ያንተን ውጤት አይናገርም። ቫይረሱ በእያንዳንዱ ግንኙነት አይተላለፍማ! የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣውን ግምት ልንገርህ። ቫይረሱ ካለበትና ከማይታከም ሰው ጋር በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት፣ ተቀባዩ የሚያዘው በ10,000 ግንኙነት ውስጥ 138 ጊዜ ያህል ነው። አድራጊው ከሆነ 11 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ለረጅም ጊዜ ነጻ ሊቆይ ይችላል። አገር ቤትም እኮ አብረው ዓመታት ኖረው፣ ልጅ ወልደው፣ ውጤታቸው የተለያየ ባልና ሚስት አሉ። ከእሱ በፊት የነበረህን ሕይወት የእሱ ደም ከየት ያውቀዋል? የእሱም ወረቀት ሁለት ዓመት ያለፈው ነው፤ ለዛሬ አይሠራም። ልጅ ሆነህ «መታቀብ፣ መወሰን፣ ኮንዶም» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። መወሰን የሚጠብቀው ሁለቱም ተመርምረው ሲወሰኑ ነው። በ2009 የወጣ አንድ ስሌት በአምስት የአሜሪካ ከተሞች በወንዶች መካከል ከሚተላለፈው ኤችአይቪ 68 በመቶው ከቋሚ ፍቅረኛ የሚመጣ ነው ብሏል። አይገርምም። ኮንዶሙ የሚቀረው እዚያ ነው፤ ምርመራውም የሚረሳው እዚያው ነው።

አለማመምህ ምንም አያረጋግጥም። ብዙ ሰው አዲስ ሲያዝ ጉንፋን የመሰለ ነገር ያየዋል፤ ምንም የማይሰማውም አለ። በዚህ ሳምንት ሄደህ ከክንድህ ደም ስጥ። ቤት ውስጥ በምራቅ በሚደረገው ምርመራ አትተማመን፤ እስከ ሦስት ወር ላያሳይ ይችላል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን ምርመራም ጠይቅ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ቂጥኝና ጨብጥም አብረው ይታዩ። አሁን ነጻ ብትወጣም ሦስት ወር ሲሞላ ትደግመዋለህ። እስከዚያ ኮንዶም።

እሱን «ተመርመር» አትበለው። «ና አብረን እንመርመር» በለው፤ አንተም እጅጌህን ሰብስብ። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ የነገረህ ሰው ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይቅር ማለትህ የራስህ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልወስንልህም። አብራችሁ ከቀጠላችሁ ግን አንድ ስምምነት ይኑራችሁ፦ ከሁለት አንዳችሁ ከተሳሳታችሁ በዚያው ቀን ትነጋገራላችሁ። ጭቅጭቁ በኋላ ይደርሳል፤ 72 ሰዓት ግን አይጠብቅም። ሐኪም አይቶ የሚያዝልህ ፕሬፕም አለ፤ በየቀኑ ከተወሰደ 99 በመቶ ገደማ ይከላከላል። ፕሬፕ መውሰድ «አላምንህም» ማለት አይደለም። ይህን ለእሱም ንገረው።

ስለ ወሬው መፍራትህ ይገባኛል። በዚያ አካባቢ ነርሱም ፋርማሲስቱም ሐበሻ ሊሆን ይችላል። ግን የታካሚን ምስጢር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከሥራ ያስባርራል። ካልተመቸህ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረህ ቨርጂኒያ ሂድ። አስተርጓሚ ካስፈለገህ በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜም አይጠራ በል። ከቤተሰብ ጋር የምትኖር ከሆነ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ቤት እንዳይላክ አስቀድመህ ለኢንሹራንስህ ደውል። ክሊኒክ ስትደርስ የአምስቱን ቀን ኪኒን እንዳትደብቅ። ስሙን ዛሬውኑ ጓደኛህን ጠይቀህ ጽፈህ ያዝ።